ወኪል አልልክም

ራስ ቤሩት፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለኮኮቤ፣ ኮምቦልቻ

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ ሱቁስ? ስለ ጉልበቴ ጠይቀሽኛል። ጉልበቴ እዚያው ነው፤ ከስድስተኛ ፎቅ ያወርደኛል፣ መልሶም ያወጣኛል። አሳንሰሩ መብራት ሲኖር ነው የሚሠራው፣ መብራት ደግሞ ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። ሃያ ስድስት ዓመት የዚህ ሕንፃ ናጡር ሆኜ በር ስጠብቅና ደረጃ ስጠርግ ጉልበትህ እንዴት ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ አገሩ ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ።

ለምን ስልክ አያነሱም ብለሻል። በስልክ ሳወራ እጮኻለሁ፣ ስጮህ ልናገር ያሰብኩት ይጠፋብኛል። ድምፅ ቀድቼም አልልክም። ይኸው በራሴ እጅ ጻፍኩልሽ። ፊደሌን ታውቂዋለሽ፣ የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው። ትልልቅ ነው፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ግን ይደርሳል። ነገ በምትበር አንዲት ልጅ እጅ ይመጣልሻል።

አሁን ወደ ነገሩ። ያንቺን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ሁለተኛ የተናደድኩት በከንቱ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ። «የኮሚቴውን ወንበር ለሱአድ በውክልና ቢሰጧትስ?» ትያለሽ። ይህ ከሱአድ አፍ የወጣ ነው፣ አላጣውም። የማኅበራችን ጸሐፊ ጎበዝ ናት፣ አልካድኩም። ቡርጅ ሐሙድ ጸጉር ቤቷ ውስጥ በአንድ እጇ ጸጉር እየሠራች በሌላው የዐረብ ወረቀት ታነባለች። ግን ሊቀመንበሩ ማነው? እኔ ደምሰው ነኝ። ደምሰው ደግሞ እግር አለው።

እዚህ ሳለሽ አንቺና ሚስቴ ፋሲካዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የኮሚቴውን ሕግ ስታወጡ እኔ አጠገባችሁ ተቀምጬ ነበር። ከማዳሞቻቸው ቤት የወጡ ልጆች ወረቀታቸው እስኪያልቅ የሚያርፉበት አጥተው በየደረጃው ሥር ሲያድሩ፣ አምስት ማኅበር ተባብሮ ሀደት ሰፈር ያን ቤት ተከራየ። ሰርካዲስን ኃላፊ አድርገን ቀጠርናት። ከዚያ አንቺ ብድግ አልሽና «ሰርካዲስንስ ማን ያያታል?» አልሽ። ሕጉ የመጣው በዚህ ነው። አምስቱ ሊቀመናብርት ራሳቸው ተቆጣጣሪ ይሆናሉ። በየፈረንጅ ወሩ የመጀመሪያው እሑድ ራሳቸው ይሄዳሉ፣ ከልጆቹ ጋር ይቀመጣሉ፣ ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይፈርማሉ። ራሳቸው! ያንቺ ቃል ነው፣ የኔ አይደለም።

በዚህ ወር ስሄድ ምን አገኘሁ መሰለሽ? ከአምስት ሊቀመንበር አንድ እኔ። የቀሩት አራቱ ወኪል ልከዋል። ከነሱ አንዱ ሀሩን የላከው ሥጋ ቤቱ ውስጥ የሚሠራለትን ሰውዬ ነው።

«የወጥ ቤቱ ጣሪያ እያፈሰሰ ነው፣ ምን እናድርግ?» አልኩት።

«ሊቀመንበሬን ልጠይቅ።»

«ቀና ብለህ ጣሪያውን እየው እንጂ! የሚያፈሰው ሊቀመንበርህ ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ እኔ እንድፈርም ነው የተላክሁት፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ እንድከራከር አልተባልኩም።»

ይህን ነገር ከየት እንዳመጡት ልንገርሽ፣ ከእድር ነው ያመጡት። እድር ላይ ለቅሶ መሄድ ያልቻለ ሰው ይልካል፤ ስም ሲጠራ «ወኪሉ አለሁ» ይባላል፣ ያልፋል። ለለቅሶ ደግ ነው። ድንኳኑ እንዲሞላ ነዋ፣ ሟቹ ምንም አይጠይቅ። ሀደት ያሉት ስምንት ልጆች ግን አልሞቱም። እነሱ ጋ የሚፈለገው የሚያይ ዓይንና «አይሆንም» የሚል አፍ ነው። ያንን ደግሞ አንዱ ለሌላው ሊያውሰው አይችልም። ስለዚህ ወኪል አልልክም። ኸላስ፣ አለቀ።

ሂዳያን ጠይቀሽኛል። የእህትሽ ልጅ ደኅና ናት። ትበላለች፣ የመውጫ ወረቀቷም እየሄደ ነው። ዝምታ ታበዛለች እንጂ። ባለፈው ዓመት በጦርነቱ ማዳሟ ቤት ቆልፋባት ወደ ተራራ ከሸሸች ወዲህ በር ሲዘጋ ትደነግጣለች ያልሽውን አላየሁም። እኔ ስሄድ በሩ ክፍት ነው።

ወንድምሽ
ደምሰው

―――

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ደምሰው፣ ራስ ቤሩት

ጋሽዬ፣ ሰላምታዬ ከነቁጣዎ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ሱቅ ውስጥ ሳነበው ጮክ ብዬ ስቄ ደንበኛ ደነገጠ። ስለ ወኪሎቹ ልክ ነዎት፣ አንድም ቃል አልቃወምም። ያ ሥጋ ሻጭ ጣሪያውን ቀና ብሎ አለማየቱ እኔንም አናዶኛል።

ግን አንድ ነገር ልበል፣ ቢቆጡም ይቆጡ። ፋሲካ በሕይወት ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ቤት ስመጣ ምን አይ ነበር? እርስዎ ጫማ ይወለውላሉ፣ እሷ የኮሚቴውን ወረቀት ጮክ ብላ ታነባለች። «ቆይ፣ ያቺን ድገሚያት» ይሏታል። በማግስቱ እሑድ ሀደት ላይ እያንዳንዱን ነገር ከነቁጥሩ ሲያነሱ እነዚያ የተማሩት ሊቀመናብርት አፋቸውን ይይዙ ነበር። እኔም እኮራ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ፋሲካ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ያነብልዎታል?

ወንበሩን ይስጡ አልልም፣ ያንን ትቼዋለሁ። አጠገብዎ አንድ ሰው ያስቀምጡ ነው የምለው።

ሌላው ስለ ሂዳያ ነው። ማክሰኞ ደውላልኝ ነበር። በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። «አክስቴ፣ ሰርካዲስ ስትወጣ ከውጭ ይቆለፋል» ብላኝ መስመሩ ተቋረጠ። እናቷ እንቅልፍ አጥታለች። ጋሽ ደምሰው፣ ሰርካዲስ ስትወጣ ያ በር ምን እንደሚሆን ይዩልኝ። ራስዎ ይዩልኝ።

ታናሽዎ
ኮኮቤ

―――

ራስ ቤሩት፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኮኮቤ

መልስ ዘግይቶብሻል። ሱአድ ቀድማ እንደነገረችሽም አውቃለሁ። ከሰው አፍ እንድትሰሚው አልፈለግሁም ነበር፣ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ልጅቷ ተርፋለች። መጀመሪያ ይህን ያዢ። ቁርጭምጭሚቷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ብረት አስገብተውላታል። ሐኪሙ ትሄዳለች ብሏል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ትሄዳለች። የቀሩት ሰባቱ ጭሱ ጉሮሯቸውን ነው የጎዳው፣ እየተሻላቸው ነው። ለእናቷ ይህን ብቻ ንገሪያት። ከዚህ በታች ያለውን አንቺ ብቻ አንብቢው።

ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። ደረጃው ሥር ያለው የጎረቤት ባትሪ፣ ይህ መብራት ሲጠፋ የሚያበሩበት፣ ነደደ። ጭሱ በደረጃው ወደ ላይ ወጣ። ሰርካዲስ ገበያ ነበረች። ቁልፉ ከእሷ ጋር ነው። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ሂዳያ በረንዳው ላይ ወጥታ ከሁለተኛ ፎቅ የአትክልት ሻጩ ሸራ ላይ ዘለለች። እግሯ ተሰብሮ መሬት ለመሬት እየተጎተተች «ሰው አለ! ስበሩት!» ብላ የጮኸች እሷ ናት። አትክልት ሻጩና ልጆቹ በብረት በሩን ሰብረው ሰባቱን አወጡ። አንድ ኮሚቴ፣ አንድ ሊቀመንበር፣ አንድ ወኪል አልነበረም። አትክልት ሻጭ!

እኔ በሰርቪስ ታክሲ ስደርስ ሰርካዲስ ማንጠልጠያው ከተበጠሰ ዘንቢሏ ጋር ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

«ማነው ቆልፊ ያለሽ?» አልኳት።

«ኮሚቴው።»

«የትኛው ኮሚቴ?»

«ጋሼ፣ በሐምሌ ወረቀት አምጥቼ አልነበር? የቤቱ ባለቤት በር ክፍት እየተተወ ነው ብሎ ሲጮህብኝ ጊዜ ጠየቅኋችሁ። ፈረማችሁ።»

እኔ የለሁበትም አልኳት። ጮኼ ነው ያልኳት፤ ሰፈሩ ሰማኝ። ሀሩንና እነዚያ ወኪል ላኪዎች ናቸው! በጦርነቱ ተቆልፎባት የተረፈችን ልጅ እንደገና ያስቆለፉባት እነሱ ናቸው!

በበነጋው ሀሩንን ሱቁ ድረስ ሄጄ ያዝኩት። ሽቶ ተቀብቶ ቆሟል።

«ጋሽ ደምሰው፣ ባለሥራ ሰው ነኝ። ሰው መላክ መብቴ ነው።»

«የልጅህን ሠርግም ሰው ላክበት!»

«እኔ አላየሁትም ወረቀቱን።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! አላየኸውም! ማየት ነበር ሥራህ!»

ሥጋ የሚገዙ ሰዎች ቆመው ያዩን ነበር። ይዩ። በዚህ ወር ጠቅላላ ስብሰባ ይጠራ ብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ወኪል የሚልክ ሊቀመንበር ወንበሩ ይነጠቅ ብዬ አቀርባለሁ። አንቺም ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ በስብሰባው ላይ ይነበባል። መሥራች ነሽ፣ ይሰሙሻል።

ሂዳያ ጋ ሐኪም ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ ተኝታ ነው ያገኘኋት። አልቀሰቀስኳትም።

ወንድምሽ
ደምሰው

―――

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽ ደምሰው

ለስብሰባው ደብዳቤ እንድጽፍ ጠይቀውኛል። ልጽፍ ተቀመጥኩና የምከሰውን ነገር በዓይኔ ልየው ብዬ የሐምሌውን ወረቀት ሱአድን አስላክኋት። ግልባጩን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ።

ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል። «ኃላፊዋ ከቤት በምትወጣበት ጊዜ፣ ለነዋሪዎቹ ደኅንነት ሲባል፣ ዋናው በር ከውጭ ይቆለፋል።»

ከታች አምስት ፊርማ አለ። አራቱ «ስለ» ይላሉ። ስለ አቶ ሀሩን፣ ስለ እገሌ፣ ስለ እገሊት። አምስተኛው «ስለ» የለውም።

ደብዳቤውን አልጻፍኩም። ምን ብዬ እንደምጽፍ እርስዎ ይንገሩኝ።

ለእናቷ ያልነገርኳት አለ። እርስዎም ያልነገሩኝ አለ፤ የጥቅምቱ ደብዳቤዬ መቼ ደረሰዎ?

ኮኮቤ

―――

ራስ ቤሩት፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኮኮቤ

እህቴ ብዬ አልጀምርም። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ልበለው አልበለው ንገሪኝ።

የጥቅምቱ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። እሳቱ የተነሣው በሌላኛው ሳምንት ሐሙስ ነው። ዘጠኝ ቀን። ከዚህ ሀደት በሰርቪስ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ለምን አልሄድክም ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ቀድሜ ልንገርሽ፤ ኮሚቴው የሚያየው የመጀመሪያው እሑድ ነው፣ እሑድ ስደርስ አየዋለሁ አልኩ። እሑድ ሦስት ቀን ሲቀረው ነደደ። ደግሞም አናደሽኝ ነበር። ማን ያነብልዎታል ብለሽ። ከንዴቴ ጋር ዘጠኝ ቀን ተቀመጥኩ።

አሁን የሐምሌው። ግልባጩን ለሱአድ አላሳየኋትም፣ ራሴ ልወጣው አልኩ። እንዳንቺ እጅ ጽሑፍ ትልልቅ አይደለም፣ የኮምፒዩተር ፊደል ነው፣ ደቃቅ። ሦስተኛውን መስመር ለመጨረስ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ፤ «ይቆለፋል» የሚለው ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ወለወልኩት፣ ያው ነው።

ያን ቀን እንዴት እንደነበር ልንገርሽ። ሰርካዲስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የሀሩን ወኪል እንዲሁ ፈረመ፣ ቀና ብሎም አላየው። እኔ እሱን ማሳፈር ፈለግሁ። መነጽሬን አወጣሁ፣ አደረግሁ። ወረቀቱን ያዝኩ። ዓይኔን ከላይ ወደ ታች አስኬድኩ፣ ገለበጥኩት፣ መለስኩት። የሚያነብ ሰው የሚቆይበትን ያህል ቆየሁ፤ ፋሲካ ስታነብ ስንት ትቆይ እንደነበር አውቃለኋ። አንድ ፊደል አልያዝኩም። በደንብ አንብቦ እንደጨረሰ ሰው አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ ፈረምኩ።

ሂዳያ በሩ ሥር ቆማ ነበር። የሰርካዲስን ንግግር ሰምታለች መሰለኝ። «ጋሼ፣ አነበቡት?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ምን እንዳልኳት ልጻፍልሽ። «ደምሰውን ነው አነበቡት ወይ የምትይ? እኔ ፊደል ስቆጥር እናትሽ አልተወለደችም!» አልኳት። ወኪሎቹ ሳቁ። እሷ አንገቷን ደፋች። ሳቃቸው ደስ አለኝ፣ ኮኮቤ። ደስ አለኝ።

ናጡር ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠላሳ ሰው ቁልፍ ወገቤ ላይ ታስሮ ኖሯል። በጦርነቱ ጊዜ ከዚህ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ማዳሟ ቆልፋባት የሄደችውን ልጅ በሩን ነቅዬ ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ ፋሲካ ብትኖር ትኮራብኝ ነበር ብዬ ሳወራው ከርሜያለሁ። በዚያው እጄ ነው ይህን የፈረምኩት።

ሐኪም ቤት ተኝታ አገኘኋት ያልኩሽም ውሸት ነው። አልተኛችም ነበር። በሩ ጋ ቆሜ አየኋት፣ አየችኝ፣ ተመለስኩ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ስብሰባው ተደረገ፣ ቡርጅ ሐሙድ፣ በሱአድ ጸጉር ቤት። ወንበር ስላነሰ ግማሹ ቆሞ ነው። ሀሩን ራሱ መጣ፣ ለክርክሩ ተዘጋጅቶ። እኔ ተነሣሁና የሐምሌውን ወረቀት ሱአድ ጮክ ብላ እንድታነበው ሰጠኋት። አምስቱንም ፊርማ አነበበች። የኔ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ልታደርግ ነው፤ «ጩኺበት!» አልኳት። ጮኸችበት።

ሀሩን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ታዲያ ጋሽ ደምሰው፣ በራስ መቀመጥ ይህን ያመጣል፤ ወኪል መላክ ይሻላል ማለት ነዋ!» ፈገግ ብሎ።

«ዝም በል!» አልኩት። «አንተ ዓይን የሌለው ወኪል ላክህ፣ እኔ ዓይን የሌለኝ ራሴ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አንድ ነን። ልዩነታችን እኔ ማፈሬ ነው።»

ፋጡማ የምትባል ከልጆቹ አንዷ «እውነት ነው!» አለች። ሳቁ። በዚህኛው ሳቅ ግን ደስ አላለኝም።

ከዚያ የሊቀመንበርነቱን ማኅተም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሱአድ አለቀሰች። «ጋሼ፣ ይቆዩ፣ እኔ በውክልና እቀመጥልዎታለሁ» አለች። እምቢ አልኳት። ለምን መሰለሽ? በውክልና ብልካት አንድ ነገር ሲቸግራት «ጋሽ ደምሰውን ልጠይቅ» ትላለች። ጋሽ ደምሰው ደግሞ «ዝም ብለሽ ፈርሚ» ይላታል። ራሴን አውቀዋለሁ። በዚያ ወንበር ላይ የሚያየውም የሚያነበውም፣ ሲከፋ የሚጠየቀውም አንድ ሰው መሆን አለበት። እኔ እግሩ አለኝ፣ ንባቡ የለኝም። የሌለኝን እንዳለኝ አድርጌ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩበት።

«እና አሁን ወኪል ላክህ?» አለኝ ሀሩን ስወጣ።

«አልላክሁም» አልኩት። «ተነሣሁ።»

ሱአድ ተመርጣለች። ወኪል የሚከለክለው ሕግም አልፏል፤ ሀሩን እጁን ሳያወጣ። ባለፈው እሑድ አዲሲቱ ሊቀመንበር ሀደት ሄደች። እኔም ሄድኩ፣ በኮሚቴ አይደለም፣ በናጡርነቴ። መፍቻዬን ይዤ። ያን የውጭ ቁልፍ ከነብረቱ ነቀልኩት። በምትኩ ከውስጥ የሚከፈት አስገባሁ፣ ቡርጅ ሐሙድ ያለው ቁልፍ ቀራጭ ጋ ወስጄ ስምንት አስቀርጬ ለእያንዳንዳቸው በእጃቸው ሰጠኋቸው። የቤቱ ባለቤት መጥቶ ጮኸ። እኔም ጮኽሁ። የኔ በለጠ።

ሂዳያ ከሐኪም ቤት ወጥታ በምርኩዝ ትሄዳለች። የእሷን ቁልፍ የሰጠኋት በመጨረሻ ነው። አየችኝ፣ አየችኝና «ጋሼ፣ አሁንስ አነበቡት?» አለችኝ።

«አስነበብኩት» አልኳት። «ጠቅላላው ሰው ፊት።»

ይቅር አልኩዎት አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ቁልፉን ግን ተቀበለችኝ።

ይህንንም ደብዳቤ ሱአድ አንብባልኛለች። በውክልና የምልከው አንድም ነገር እንዳይኖር ብዬ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ አልላክሁትም። የሂዳያ የመውጫ ወረቀት አልቋል፣ ሐሙስ ትበራለች። ይህን የምትሰጥሽ ሂዳያ ራሷ ናት። ያልጻፍኩትን እሷን ጠይቂያት፣ ትንገርሽ፤ ያየችው እሷ ናት።

አንገቷ ላይ ቁልፍ ታገኚያለሽ። በክር ያንጠለጠለችው። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አስወልቀዋት መልሳ ታደርገዋለች፣ አውቃለሁ። የሀደቱ በር እዚህ ነው፣ እዚያ አይጠቅማት። እናቷን አውልቂው እንዳትላት ንገሪያት።

ደምሰው